ሁለት ዓመቱን ሳይደፍን ታላቅ ሊሆን ነው

ጥያቄ፦ የ29 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነው፤ ዓመት ከዘጠኝ ወሩ። እስካሁን ጡት ይጠባል፣ ከእኔና ከአባቱ መሃል ይተኛል፣ ካላቀፍኩት ደረጃ አይወጣም። ሰሞኑን ደግሞ ብሶበታል። ከሥሬ አይጠፋም፣ ሆዴ ላይ ይዘላል፣ ቦርሳዬን እየበረበረ ያገኘውን ሁሉ ያወጣል፣ አባቱ ላስተኛህ ሲለው ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። አንዱ «ጡት አስጥይው» ይለኛል፣ ሌላው «አልጋ ለይ» ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ «እሱን መሸከምሽ ፅንሱን ይጎዳል» ይላል። ሕፃኑ ሳይመጣ ሁሉንም ልጨርስ ወይስ ልተወው? ቸኩዬ ልጄን እንደበደልኩት ስለሚሰማኝ ሲተኛ እያየሁት አለቅሳለሁ።

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከጥያቄሽ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «ሁሉንም ልጨርስ ወይ» በሚለው ላይ ነው። ሥራዬ አዋላጅነት ነው። ሁለተኛ ልጃቸውን ሊወልዱ ሁለት ሦስት ወር የቀራቸው እናቶች አብዛኞቹ ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ። ጡት ማስጣሉ፣ አልጋ መለየቱ፣ ከዳይፐር ማውጣቱ፣ ለብቻው እንዲበላ ማስለመዱ፣ ሁሉም ቤት ሊቀየር ሲል ዕቃ እንደሚሸከፍ በአንድ ላይ ይጀመራል። እኔም ራሴ አድርጌዋለሁ። ልጄን ልወልዳት ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ታላቅ ወንድሟን ከአልጋዬ አውጥቼ ለብቻው አስተኛሁት። እሷ መጥታ እሱ በለቀቀው በኩል ስትተኛ፣ አንድ ሌሊት ትራሱን እየጎተተ መጥቶ አልጋችን ጫፍ ላይ ቆመ። አላለቀሰም፣ አልተናገረም፤ ዝም ብሎ የሚገባበትን ክፍተት በዓይኑ ይፈልግ ነበር። ለእናቶች የምሰጠውን ምክር የለወጠው ያ ሌሊት ነው።

ልጅሽ የሚያጣው ነገር መኖሩ አይቀርም። የምትችዪው አንድ ነገር ቢኖር፣ እያንዳንዱን ማጣት ከሕፃኑ መምጣት ማራቅ ነው። ጡቱን የቀማው ሕፃኑ፣ አልጋውን የቀማው ሕፃኑ፣ እናቱን የቀማው ሕፃኑ መስሎ ከታየው ሌላ የቅናት ምክንያት አያስፈልገውም። የቀረሽ 11 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ አሁን መጀመር ያለበትን አንድ ወይም ሁለት ነገር ምረጪ፤ የቀረውን ሕፃኑ አራት አምስት ወር እስኪሞላው አሳድሪው። እኔ ብሆን የምመርጠው የአባቱን ነገርና የአልጋውን ነው። ፖፖ ላይ ማስቀመጥን ጭራሽ አታንሺው። አሁን ብታስለምጂውም ሕፃኑ ሲመጣ ወደ ዳይፐሩ መመለሱ በጣም የተለመደ ነው፤ ያኔ ልፋትሽም ይባክናል፣ እሱም ያፍራል።

ስለ ጡቱ ልንገርሽ። ልጅ ሲጠባ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፤ ምጥን የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ሆርሞን ስለሆነ ሰው ይፈራል። ፍርሃቱ ከምንም አልተነሳም። ነገር ግን ማህፀን እስከ እርግዝናው መጨረሻ አካባቢ ድረስ ለዚህ ሆርሞን ያን ያህል አይታዘዝም። ሲጠባ ሆድሽ ትንሽ ጠጠር ሊል ይችላል፤ ሲጨርስ ይለቅሻል። እርግዝናው ጤነኛ ከሆነ ማጥባት አይከለከልም። ከዚህ በፊት ጊዜው ሳይደርስ የወለደች፣ በዚህ እርግዝና ደም የታያት፣ መንታ የያዘች፣ ወይም የማህፀን በርሽ አጥሯል የተባለች እናት ግን ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር እንዳትቀጥል። ከእነዚህ አንዱ ካለብሽ የእኔን ምክር ትተሽ በክትትልሽ የሚነግሩሽን ስሚ።

ወተቱ ራሱ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፤ በኋላም ወደ እንገር ይቀየራል። ብዙ ልጆች በዚህ ወቅት በራሳቸው ጊዜ ይተዉታል። ያንቺ ልጅ እስከ 29 ሳምንት ካልተወ፣ ከወተቱ ይልቅ ደረትሽን ፈልጎ ነው የሚመጣው ብዬ እገምታለሁ። እንገሩን ለሚወለደው አያስቀርለትም ብለሽ አትስጊ፤ ሰውነትሽ እስክትወልጂ ድረስ ያመርተዋል። ከወለድሽ በኋላ ግን ሕፃኑ ይቅደም፤ እሱ ከእንገሩ ሌላ ምግብ የለውም። እንገር ሆድ ስለሚያለሰልስ ትልቁ ሲጠባው ሰገራው ቢቀጥን አትደንግጪ።

ማስጣል የምትፈልጊው ጡትሽ ስላመመሽ ወይም ስለደከመሽ ከሆነ ምክንያቱ በቂ ነው፤ ለማንም ማስረዳት የለብሽም። ያኔ ዛሬ ጀምሪና ቀስ በዪ። ካልጠየቀ አትስጪው፣ ከጠየቀ አትከልክይው። መጀመሪያ የቀኑን አስቀሪ፤ የሚጠባበትን ወንበር ተዪውና በዚያ ሰዓት ከቤት ይዘሽው ውጪ። የመኝታ ሰዓቱ መጨረሻ ላይ ይቅር። እሱንም አጭር ዘፈን እየዘፈንሽ «ዘፈኑ ሲያልቅ ጡት ያልቃል» በዪው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ደቂቃ አያውቅም፤ የዘፈን ማለቅ ግን ይገባዋል። 36 ሳምንት እስኪሞላሽ ካልተሳካ ተዪው። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ጡት ማስጣል እኔ አልጋው ላይ የሠራሁትን ስህተት በጡት መድገም ነው።

መሸከሙን በተመለከተ፣ በጤነኛ እርግዝና ልጅን ማንሳት ፅንስ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ያንቺን ወገብ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ 11፣ 12 ኪሎ ይመዝናል። የእርግዝና ሆርሞኖች መገጣጠሚያሽን አላልተውታል፣ የሰውነትሽ ሚዛንም ወደፊት አዘንብሏል። ስለዚህ ከወለል ላይ ጎንበስ ብለሽ አታንሺው። መጀመሪያ ሶፋ ወይም ወንበር ላይ ይውጣ፤ አንቺ ጉልበትሽን አጥፈሽ ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ አቅፊው፤ ይዘሽው ወገብሽን አትጠምዝዢ። ደም ከታየሽ፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ነው ከተባልሽ፣ ወይም ጊዜው ያልደረሰ ምጥ ያሰጋሻል ከተባልሽ ግን ማንሳቱን አቁሚ።

ደረጃው ግን ያስጨንቀኛል። ሆድሽ እግርሽን ይሸፍንብሻል፣ አንድ እጅሽ በልጁ ተይዟል፣ ቢንፈራገጥ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ልጅ እጁ ከተያዘ ደረጃ መውጣት ይችላል፤ የሚጎድለው ያንቺ ጊዜ ነው። አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ተነሺና አንድ እጅሽ መደገፊያውን ሌላው እጁን ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያላችሁ ውጡ። አራተኛው ላይ ቁጭ ብሎ አልሄድም ቢል አንቺም አጠገቡ ቁጭ በዪ። አሁን መልመዱ ሌላም ጥቅም አለው። በቀዶ ሕክምና ብትወልጂ ለስድስት ሳምንት ያህል ከሕፃኑ የሚከብድ ነገር አታንሺ መባልሽ አይቀርም። ያኔ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ እቅፍሽ ውስጥ መግባት የለመደ ልጅ ምንም አልቀረበትም። ከማቀፍ የሚበልጠው ደግሞ ተቀምጦ ማቀፍ ነው፤ «ተቀምጬ ልቀፍህ» ስትዪው ዋናው ነገር «ልቀፍህ» የሚለው ነውና አትዘንጊው።

ሆድሽ ላይ ሲዘል ሕፃኑ በማህፀንሽ ጡንቻና በእንሽርት ውሃው ተከልሏል፤ የተለመደው የልጅ መንፈራገጥ አይደርስበትም። ኃይለኛ ምት ከመታሽ፣ በሆድሽ ከወደቅሽ፣ ወይም ከዚያ በኋላ የማይለቅ ሕመም፣ ደም ወይም የውሃ መፍሰስ ካየሽ ግን አትቆዪ፣ ሂጂና ታዪ። የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ መጀመሪያ ላይ ብዙም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ልጁን «ሕፃኑን ታሳምመዋለህ» አትበዪው፤ ላላየው ሰው ብሎ ጨዋታውን የሚተው የሁለት ዓመት ልጅ የለም። «ሆዴን ያመኛል፤ እዚህ ዝለል» በዪና ትራሱን አሳዪው። ስትተኚ ደግሞ ከ28 ሳምንት በኋላ እንቅልፍሽን በጎንሽ ሆነሽ ጀምሪ፣ ግራም ይሁን ቀኝ። ሌሊት ነቅተሽ ራስሽን በጀርባሽ ተኝተሽ ብታገኚው መደንገጥ የለብሽም፤ መዞር ብቻ ነው።

ሁለተኛ እርግዝና ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያው እርግዝናሽ ሶፋ ላይ ተጋድመሽ እያንዳንዱን ምት ትከታተዪ ነበር። አሁን ከልጅ ኋላ ስትሮጪ ውለሽ ሕፃኑ ዛሬ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ማታ ላይ ትዝ ይልሻል። ልጅሽ ቀን ሲተኛ ዕቃ አትጠቢ። በጎንሽ ተጋደሚና ሆድሽን ስሚው። እንቅስቃሴው ከለመድሽው ቀንሶ ከመሰለሽ በዚያው ዕለት ሂጂ፤ እስኪነጋ አትጠብቂ። ስትሮጪ ሆድሽ እየጠጠረ የሚለቅሽ ከሆነ ተቀመጪና ውሃ ጠጪ። አርፈሽም እየተመላለሰ ከቀጠለ፣ በተለይ 37 ሳምንት ሳይሞላሽ፣ መሄድ አለብሽ።

ወደ አልጋው ልመለስ። እዚህ ላይ ምርጫ የሌለው አንድ ነገር አለ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ከትልቅ ልጅ ጋር በአንድ አልጋ አይተኛም። የሁለት ዓመት ልጅ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ እጁን የት እንደሚጥል አያውቅም፤ ሕፃኑም አፍንጫውን ማስለቀቅ አይችልም። ሕፃኑ በጀርባው፣ በጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ለስላሳ አሻንጉሊት በሌለበት በራሱ አልጋ፣ ከአንቺ አጠገብ ይተኛ። ይህ ማለት ግን ትልቁ ከክፍሉ ይውጣ ማለት አይደለም። የሕፃኑን አልጋ በአንቺ በኩል አሁኑኑ አስገቢና ባዶውን ይልመደው፤ ቢፈልግ አሻንጉሊቱን ያስተኛበት። ለእሱ ደግሞ በአባቱ በኩል መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፉለት። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት እዚያ እንቅልፍ ይጀምር፤ ሌሊት ተነስቶ ከመጣ አባቱ በራሱ በኩል ያስገባው። እምቢ ካለ ፍራሹን አንሱትና በአባቱ በኩል እንደተኛ ይቀጥል። አባት መሃል እስከሆነና ሕፃኑ በራሱ አልጋ እስካለ ድረስ አደጋ የለውም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ አባቱ። ሊያስተኛው ሲሞክር ይጮኻል ብለሻል። ይጩኻ! አንቺ ምጥ ላይ ሆነሽ፣ ወይም ሕፃኑን እያጠባሽ መነሳት ሳትችዪ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚጮኽ፣ አንቺ ደህና ሆነሽ ሁለት ቤት አልፈሽ ያለሽ ጊዜ ቢጮኽ ይሻለዋል። ሁለት ቤት ያልኩት በምክንያት ነው። በሩ ኋላ ቆመሽ የምታዳምጪ ከሆነ ልጁ መኖርሽን ያውቃል፣ ባልሽም ያውቃል፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱም ይጠሩሻል፣ አንቺም ትገቢያለሽ። ስለዚህ ልጁን ስመሽ «እማዬ ትሄዳለች፣ ስትነቃ ታገኛታለህ» ብለሽ ውጪ። ተደብቀሽ አትውጪ። እናቱ ዓይኑን በነቀለ ቅጽበት የጠፋችበት ልጅ በማግሥቱ ዓይኑን አይነቅልም። ከሥሬ አይጠፋም ያልሽው ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ የተጠፋበት ልጅ ነው።

ባልሽ ደግሞ አንቺን አይቅዳ። አንቺ እያሻሸሽ ታስተኚው ከሆነ እሱ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ መስኮት ይውሰደውና «ደህና ደር ጨረቃ፣ ደህና ደር ዛፍ፣ ደህና ደር መኪና» ይበሉ። ያንቺን መንገድ ሲሠራው ልጁ የጎደለችውን አንቺን ያስታውሳል፤ በራሱ መንገድ ከሄደ ግን «የአባዬ መኝታ» የሚባል ነገር ይፈጠራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ምሽቶች ከባድ ናቸው። አባት በዚያ ሰዓት ሥራው ማስተኛት አይደለም፤ እያለቀሰም አብሮት መሆን ነው። «እማዬን ፈለግካት፣ አውቃለሁ፣ እኔ አለሁ»፤ ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልግም። በሳምንት ሦስት ምሽት ብትጀምሩ እስክትወልጂ ከሠላሳ የሚበልጥ የአባዬ መኝታ ይኖረዋል። አባቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ «እኔን አይፈልገኝም» ብላችሁ በሁለተኛው ቀን አትተዉት። ልጁ እናንተን አልጠላም፤ የለመደው ነገር ተለወጠበት እንጂ።

ለልጁ መቼ ልንገረው ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ይመጣል። «ከ11 ሳምንት በኋላ» ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። «እማዬ ሆድ ውስጥ ሕፃን አለ» በቂው ነው፤ ሌላ ሰው ሳይነግረው ቀድመሽ ንገሪው። «የሚጫወትልህ ጓደኛ ይመጣልሃል» አትበዪው፤ የሚመጣው የሚያለቅስና የሚተኛ ነገር ነው፣ ልጁም ተታልሎ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የራሱን የሕፃንነት ፎቶ ማሳየት ነው፦ «ይሄ አንተ ነህ፤ ታለቅስ ነበር፣ እንዲህ አቅፌህ እዞር ነበር።» ደጋግሞ ለማየት ይፈልጋል። ሕፃን ማለት ምን እንደሆነ ይማርበታል፤ ከዚያም በላይ ያ ሁሉ እቅፍ ለእሱም እንደደረሰው በዓይኑ ያየዋል።

ደግሞም ኩርፊያውና መነጫነጩ ሁሉ የሆድሽ ጥፋት አይደለም። የዚህ ዕድሜ ልጅ የሚፈልገው ብዙ፣ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ እርጉዝ ባትሆኚም መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። ቀኑን ሙሉ አብሮሽ ውሎም ላይጠግብሽ ይችላል፤ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ልብሽ ሌላ ቦታ ነበርና። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ፣ ወለል ላይ ተቀምጠሽ እሱ የመረጠውን ብቻ ተጫወቺ። ስም ስጪው፤ «የእኔና የአንተ ሰዓት»። ሕፃኑ ሲመጣም የማይቀር አንድ ነገር ይኑር፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን እያለም አሥር ደቂቃ ይገኛል። ግማሽ ሰዓት ብለሽ ከጀመርሽ ግን አይገኝም።

ልትወልጂ ስትሄጂ ማን ጋር እንደሚቆይ አሁን ወስኑ፤ ያም ሰው ከወዲሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስተኛው፣ ያብላው። ሕፃኑን መጀመሪያ ሲያይ በአንቺ እቅፍ ውስጥ አይየው። ሕፃኑ አልጋው ላይ ይሁን፣ ያንቺ ሁለት እጆች ባዶ ይሁኑ። መጀመሪያ እሱን እቀፊው፣ ይጠግብሽ፤ ሕፃኑን ራሱ እስኪጠይቅ አታስተዋውቂው። አይቶ ፊቱን ቢያዞርም ምንም አይደለም። አንዳንድ ልጅ ከዚህ ይልቅ በአንቺ ላይ ሊያኮርፍ ይችላል፤ ይህ በጣም የሚያም ነገር ነው፣ ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አዲስ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጠሽ ነው ማለት ነው። ትልቁም ይህን በሁለት ቀን ውስጥ ያውቀዋል፤ የምታጠቢበትን ሰዓት መርጦ ውሃ ይደፋል። ከማጥቢያ ወንበርሽ ሥር አንድ ቅርጫት አስቀምጪ፤ የሚወጣው ስታጠቢ ብቻ፣ ስትጨርሺ የሚገባ። ሁለት መጽሐፍ፣ ክዳን ያላቸው ባዶ ዕቃዎች፣ የሚበላ ነገርና ውሃ። በየሦስት ቀኑ አንዱን ቀይሪ። ለቅርጫቱ ብዬ አላደክምሽም፤ ማጥባት ሲጀመር ለእሱም የሚጀመር ነገር መኖሩ ነው ፍሬው።

ቃላትሽን ተጠንቀቂ። «ሕፃኑ ተኝቷል፣ ዝም በል»፣ «ሕፃኑን ይዣለሁ፣ አልችልም» በቀን ሃያ ጊዜ ከአፍሽ ይወጣል። «ሕፃኑ» የሚለውን ቃል አውጪውና «እጄ ሲፈታ እመጣለሁ» በዪ። የሚሠራም አንድ ብልሃት አለኝ። ሕፃኑ ትንሽ ሲነጫነጭና መጠበቅ ሲችል፣ ትልቁ እየሰማ ወደ ሕፃኑ ዞረሽ «ቆይ አንተ፣ አሁን የወንድምህ ተራ ነው፣ ጫማውን እያሰርኩለት ነው» በዪው። ሕፃኑ ምንም አይገባውም። ትልቁን ግን ፊቱን እዪው።

«አንተ እኮ ትልቅ ነህ» የሚለውንም ቆጥቢው። ትልቅ መሆን ያመጣለት ማጣት ብቻ ከሆነ ትንሽ ልሁን ማለቱ ትክክል ነው። በጡጦ ልጠጣ ካለ፣ እንደ ሕፃን ልታቀፍ ካለ፣ ንግግሩን ወደ ኋላ ከመለሰ ስጪው፣ እሹሩሩ በዪው። የጠገበ ይነሳል። ሕፃኑን ቢመታ እጁን ያዢና «መምታት የለም» በዪ፤ ንግግር አታብዢ፣ የተመታውን አንሺ፣ ከዚያ ትልቁንም አስጠጊው። ሁለቱን ግን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻቸውን አትተያቸው። ከሚመታው ይልቅ አጥብቆ የሚያቅፈውና ትራስ የሚያለብሰው ያሰጋኛል።

አጠር አድርጌ ስለ ኢንፌክሽን። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ፤ ጤነኛ ትንሽ ልጅ ምንም ሳያመው ለወራት በምራቁና በሽንቱ ሊያወጣው ይችላል። ወደ ፅንስ ከተሻገረ ሕፃናት የመስማት ችግር ይዘው እንዲወለዱ ከሚያደርጉ ኢንፌክሽኖች ዋነኛው እሱ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ዳይፐር ከለወጥሽና አፍንጫ ከጠረግሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ከንፈሩን ትተሽ ግንባሩን ሳሚው፣ በማንኪያው አትብዪ። ከሰሃኑ የተረፈውን መጨረስም ይቅርብሽ፤ ይህን እናቶች ሁሉ እንደምናደርገው አውቃለሁ። ትኩሳትና ሽፍታ ካወጣ ለክትትል ክፍሉ ደውለሽ ንገሪ። የእሱ ክትባት ያልተሟላ ካለ ሕፃኑ ሳይወለድ ይሟላ፤ ትክትክ ለአዲስ ሕፃን ክፉ ነውና።

«ቸኩዬ በደልኩት» ስላልሽው አልሸነግልሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ቢቆይ ይመክራል፤ ምክንያቱም የእናት ሰውነት እንዲያገግም ነው። ያንቺ ከዚያ አጥሯል። ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግን ክትትልሽን አለመዝለልና ደምሽን ማስመርመር ነው፤ በተለይ እያጠባሽ ስለሆነ ደህና ብዪ። ለልጅሽ ግን ወንድም ወይም እህት መስጠት በደል አይደለም። ሲተኛ እያየሽው ማልቀስሽም ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ሁለታችሁ ብቻ የነበራችሁበት ጊዜ ሊያልቅ ስለሆነ ያሳዝናል። ኀዘኑ ቀኑን ሙሉ ከሆነ፣ ያስደስትሽ የነበረው ነገር ካላስደሰተሽ፣ እሱ ተኝቶም አንቺ መተኛት ካቃተሽና ይህ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሳይሆን ቀድመሽ ሄደሽ ንገሪያቸው። በእርግዝና ጊዜም የመንፈስ ጭንቀት ይይዛል፣ ሕክምናም አለው። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ያንኑ ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናገሪና ሐኪም ቤት ሂጂ።

መጨረሻ ያስቀረሁት ቦርሳሽን ነው። «እየበረበረ ያገኘውን ሁሉ ያወጣል» ብለሻል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የብረት ክኒንሽ እዚያ ውስጥ ይሆናል፤ የአብዛኛው እናት እዚያ ነው። በቀን የሚታዘዘው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ለአንቺ ልክ ነው። ለ12 ኪሎ ልጅ ግን 60 ሚሊ ግራም ካለባቸው ክኒኖች አራቱ መመረዝ ሊያስጀምሩ፣ አሥራ ሁለቱ ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጡ ይበቃሉ። ብዙዎቹ ቀለም ያላቸውና ላያቸው ጣፋጭ ስለሆነ ከረሜላ ይመስሉታል። የዋጠ ልጅ ያስመልሰውና ያስቀምጠው ይጀምራል፤ ከዚያ ለተወሰኑ ሰዓታት የተሻለው ይመስላል፤ አታላዩም ይሄ ነው፣ እንደገና ሲብስ ጉበቱ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ከጠረጠርሽ ለማስመለስ አትሞክሪ፣ ምልክት አትጠብቂ፣ ብልቃጡን ይዘሽ ወዲያው ሂጂ። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ተነሺና ክኒኑን ከቦርሳሽ አውጪው፤ ወንበር ላይ ወጥቶም የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ አስገቢው።